ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ ጓዳው ምጣድ፦ የልቀት ቅነሳ ጥያቄ በካዛንቺስና በቂርቆስ

ኢትዮጵያ የሙቀት አማቂ ጋዞችን ልቀት ለመቀነስ ለዓለም የገባችው ቃል መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ቂርቆስ ክፍለ ከተማን በእግሩ ቢዞር ይበቃዋል። ካዛንቺስ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ አለ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽም እዚያው ነው። የአህጉሩን የአየር ንብረት ፖሊሲ የሚያጠናው ማዕከል በዚሁ ኮሚሽን ሥር ይሠራል። ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ ሲወረድ የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች ይገናኛሉ። ትንሽ አለፍ ብሎ የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር መድረሻ ለገሀር ይገኛል። መሃል ላይ ደግሞ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ፈርሶ እንደገና እየተሠራ ያለው የካዛንቺስ ሰፈር አለ። ቃሉ የሚመከርበት አዳራሽና ቃሉ የሚፈተንበት ጓዳ፣ መንገድና ግንባታ ጎረቤታሞች ናቸው።

ጉዳዩን ከዳር እስከ ዳር ካየሁት በኋላ የደረስኩበትን አቋም አስቀድሜ ልናገር። ኢትዮጵያ ብዙ አገሮች የሚመኙት ንጹሕ ኤሌክትሪክ አላት። የቀረው ሥራ ኤሌክትሪኩን ብዙኃኑ ወደሚጋግርበት ምጣድና ወደሚሳፈርበት ተሽከርካሪ ማድረስ ነው። እስካሁን ግን ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት ያገኘው ጥቂቶች የሚነዱት የግል መኪና ነው።

መንግሥት «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ያለውን ስትራቴጂ በ2004 ዓ.ም. ደርባን በተካሄደው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ይፋ አደረገ። ስትራቴጂው የአገሪቱን ልቀት እ.ኤ.አ. በ2010 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ እንደነበር ያሰላል። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የመጣው ከግብርናና ከደን ነው። ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪ፣ ኤሌክትሪክ ኃይልና ሕንፃ እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበራቸው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የቀረበው የተሻሻለ አገራዊ ሰነድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2030 ሊደርስ ይችላል የተባለውን 403.5 ሚሊዮን ቶን በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ይገባል። ከዚህ ውስጥ በራስ አቅም ይፈጸማል የተባለው 14 በመቶው ነው። ቀሪው 54.8 በመቶ የውጭ ገንዘብ ሲገኝ የሚሠራ ነው። ለጠቅላላው ዕቅድ ያስፈልጋል የተባለው ወጪ 316 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል።

እነዚህን ቁጥሮች አንባቢ በጥንቃቄ እንዲያያቸው እፈልጋለሁ። ቅነሳው የሚለካው ዛሬ ካለው ልቀት ተነሥቶ አይደለም። «ምንም ባይደረግ ኖሮ» ተብሎ ከተገመተ የወደፊት መጠን ነው። ስለዚህ በጦርነት፣ በዕዳ ወይም በውጭ ምንዛሪ ዕጦት ኢኮኖሚው ከተገመተው ዘግይቶ ቢያድግ አንድም ሥራ ሳንሠራ ግቡን የመታን ልንመስል እንችላለን። ድህነትን ቅነሳ ብሎ መቁጠር ደግሞ ራስን ማታለል ነው። የኢትዮጵያ ጥያቄ የአውሮፓና የአሜሪካ ዓይነት አይደለም። እነሱ ያለውን የከሰል ማመንጫ ዘግተው ሌላ ማቆም አለባቸው። የእኛ ከተማ ገና እየተሠራ ስለሆነ ዛሬ የምናፈሰው ኮንክሪት፣ የምንዘረጋው ሐዲድና የምንሰጠው የመኖሪያ ቦታ የሚቀጥሉትን 50 ዓመታት ልቀት ይወስናል።

«ዓለምን ያሞቁት ሌሎች፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የሚለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስትራቴጂው ሲጻፍ የአንድ ኢትዮጵያዊ ዓመታዊ ልቀት ከ2 ቶን በታች ሲሆን የአሜሪካዊው 20 ቶን፣ የአውሮፓዊው 10 ቶን ያህል ነበር። መላው አፍሪካ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ያለው ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። ቦረናን ጨምሮ የአፍሪካ ቀንድን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የመታው፣ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ የቀረበት ድርቅ ደግሞ የማን ዕዳ እንደሆነ ሳይንሱ ተናግሯል። የአየር ጠባይ አደጋዎችን መንስኤ የሚመረምር ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ይህን መሰሉን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው አስልቷል። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2002 ዓ.ም. በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የአፍሪካን ቡድን ሲመሩ፣ ቀጥሎም ከኖርዌዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቶልተንበርግ ጋር የተመድን የአየር ንብረት ፋይናንስ አማካሪ ቡድን በጋራ ሲመሩ የተከራከሩት በዚሁ መሠረት ነበር። ሀብታም አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ የገቡት ቃል የተሟላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። በባኩው ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ለማድረስ ተስማምተዋል፤ ለታዳጊ አገሮች ሁሉ የሚዳረስ ነው። ኢትዮጵያ ብቻዋን ለጠቅላላው ዕቅዷ ያስፈልገኛል ካለችው 316 ቢሊዮን ጋር ሲተያይ የገንዘቡ ማነስ ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ እኛ ልቀት የምንቀንሰው ለሌሎች ውለታ ብለን አይደለም። ከታች የማነሣቸው ሥራዎች ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ይቆጥባሉ፤ ሳንባ ያድናሉ፤ ደን ያተርፋሉ። የውጭ ገንዘቡ ቢዘገይም ልንሠራቸው የሚገባን ለዚህ ነው።

ዋናው ሀብታችን የኤሌክትሪክ መረቡ ነው። ከምናመነጨው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው፤ የቀረውን በዋናነት አዳማና አሸጎዳን የመሳሰሉ የነፋስ ጣቢያዎች ይሸፍናሉ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ብዙ አገሮች የኤሌክትሪክ መኪና ሲያስገቡ ጭሱ ከመንገድ ወደ ከሰል ማመንጫ ይዛወራል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን በናፍጣ ይሠራ የነበረ ማናቸውም ዕቃ ወደ መብራት ሲዞር ልቀቱ ከነአካቴው ይጠፋል ማለት ይቻላል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያሳውቅ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ጥሎ ነበር። ውሳኔው ደፋር ነው፤ በመሠረቱም ትክክል ነው። ነዳጅ ለማስገባት በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የምታወጣ፣ ግድቧን ግን ራሷ የሠራች አገር ከዚህ ሌላ መንገድ አልነበራትም። ዛሬ በኡራኤልና በኦሎምፒያ መብራት ላይ ድምፃቸው የማይሰማ የቻይና መኪኖች ከሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ጎን ተሰልፈው ማየት የተለመደ ሆኗል።

ግን ሚኒባሱን ልብ እንበል። ከ120 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ ባላት አገር ያሉት ተሽከርካሪዎች ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይዘልሉም። በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ ከቀሪው አብዛኛው በታክሲና በአውቶቡስ ይሸፈናል። ለኤሌክትሪክ መኪና የተሰጠው የቀረጥ እፎይታ ግን መኪና ለመግዛት አቅም ላለው ሰው ይበልጥ ይጠቅማል። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ከነሾፌሩ አንድ ሰው ጭኖ መስቀል አደባባይ ላይ ሲቆም የሚይዘው መንገድ ከነዳጅ መኪናው አያንስም። ከኋላው የቆመው ሚኒባስ 12 ሰው ጭኖ ሞተሩ ሳይጠፋ ናፍጣ ያቃጥላል። የግሉን መኪና ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ መልካም ነው፤ የሚቀድመው ግን የሚኒባሱና የአውቶቡሱ ተራ ነው። ከተማዋ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን ማሰማራት መጀመሯ ተስፋ ይሰጣል፤ ቁጥራቸው ግን ከፍላጎቱ ጋር ገና አይቀራረብም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ባቡሩ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ የከተማ ቀላል ባቡሮች አንዱ ነበር። 34 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 41 ባቡሮች፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፤ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር። የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ማለትም ዓለም ዛሬ «ዜሮ ልቀት ያለው የብዙኃን ትራንስፖርት» የሚለውን አዲስ አበባ ከአሥር ዓመት በፊት ይዛው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ዕጦት ሳይገዛ ቀረ፤ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ፤ በቅርብ ዓመታት ከግማሽ የሚበልጡት ከሥራ ውጭ ነበሩ። ጠዋት ስታዲየም ጣቢያ ላይ የሚታየው ውጤቱ ነው። የመጀመሪያው ባቡር ሞልቶ ይመጣል፤ በሩ ይከፈታል፤ ጥቂት ሰው ተጋፍቶ ይገባል፤ የቀረው ሰዓቱን ያያል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ የሚነግር የለም። ሥራ የሚረፍድበት ሰው ደረጃውን ወርዶ ታክሲ ይጋፋል። ተሠርቶ ያለቀ፣ ዕዳው የሚከፈልበት፣ ንጹሕ ኃይል የሚበላ ባቡር በመለዋወጫ ዕጦት ቆሞ ሌላ ነዳጅ ማቃጠል ከምናባክናቸው ነገሮች ሁሉ የከፋው ነው። መኪና ለማስገባት ከሚወጣው ዶላር ትንሹ ክፍል ወደ ባቡሩ ጋራዥ ቢዞር በአንድ ዓመት የምናገኘው ቅነሳ ብዙ የግል መኪኖች ከሚሰጡን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ከእንጀራ መጋገር የበለጠ ኃይል የሚበላ የቤት ሥራ የለም። አገር አቀፉ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ከአራቱ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ያደረገው ለዚህ ነው። ላቀች የተባለው ምድጃ ከሰሉን፣ ምርጥ የተባለው ደግሞ ማገዶውን በመቆጠብ ብዙ ቤት ገብተዋል። በቂርቆስ ዋናው ጥያቄ ግን የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ሲግል 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። ግቢ ውስጥ ሁለት ምጣድ አብሮ ሲነሣ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ሊጡ ላይ ዓይኑ ሳይወጣ ይቀራል፤ ጋጋሪዋም አክንባሎውን ከፍታ ኃይሉ እስኪመለስ ትጠብቃለች። መብራቱ ጭርሱን ከሄደ የተቦካው ሊጥ እንዳይበላሽ ማገዶ ይጫራል።

ከመቆራረጡ ሌላ ታሪፉ አለ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የመብራት ዋጋ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። የመብራት ኃይል ተቋማቱ ከኪሳራ ወጥተው መስመሩን እንዲያድሱ ጭማሪው አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። የታሪፉ አሠራር ግን አነስተኛ ተጠቃሚን በዝቅተኛ ዋጋ፣ ብዙ ተጠቃሚን በከፍተኛ ዋጋ የሚያስከፍል ነው። በቂርቆስ አሮጌ ግቢዎች ደግሞ አራት አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ መጠቀሙ የቆየ ነገር ነው። ቆጣሪው ሁሉንም እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይቆጥራቸዋል፤ ድሃው በሀብታሙ ታሪፍ ይከፍላል። አከራይም «ምጣድ አትሰኩ» ይላል። ያኔ ተከራይዋ ወይ እንጀራ ገዝታ ትበላለች፣ ወይ ከሰል ታያይዛለች። አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይነዳል፤ እንጨቱም ከፊሉ ከስምጥ ሸለቆው ግራር የሚቆረጥ ነው። ከደን መመናመን የሚመጣው ልቀት በሰነድ ላይ «ደን» በሚለው ርዕስ ሥር ይመዘገብ እንጂ ምክንያቱ በከፊል እዚህ ቂርቆስ ግቢ ውስጥ ያለው የጋራ ቆጣሪ ነው። ለመጋገሪያ የተለየ ታሪፍ መወሰንና ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት ከብዙ ችግኝ ይልቅ ግራሩን ያድነዋል።

አዲስ አበባ የማገዶን ጥያቄ የምታውቀው ከጥንት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዙሪያዋ ያለው ዛፍ አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ ያዳናት በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስለ ዛፍ ተከላ ዛሬ ብዙ ይነገራል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አረንጓዴ ዐሻራ በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተክሏል። እኔ ከተከላው ቁጥር ይልቅ የሚያሳምነኝ የወላይታው ሁምቦ ነው። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከቆረጣ ተከልሎ አሮጌው ጉቶ ራሱ እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በተመድ ተመዝግቦ ማኅበረሰቡ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አገኘ። ያለውን ደን መጠበቅ ርካሽም አስተማማኝም ነው።

ስለ ኮንክሪት ብዙ ሰው ሲናገር አልሰማም፤ ቂርቆስ ውስጥ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ እሱ ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ ነው። ነዳጁን ለጊዜው እንተወውና ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ውስጡ የነበረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ክሊንከር ከሚባለው ዋና ግብዓት አንድ ኩንታል ሲመረት ከድንጋዩ ብቻ 50 ኪሎ ያህል ጋዝ ይወጣል። በላዩ ላይ ምድጃውን የሚያግለው ድንጋይ ከሰል አለ። ለዚህ አገራችን መድኃኒት አላት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፑሚስ የተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከክሊንከሩ ጋር ሲፈጭ ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ ይሆናል፤ ክሊንከሩ ስለሚያንስ ልቀቱም ያንሳል። ለምሰሶና ለወለል ፑሚስ የሌለበት ኦፒሲ የተባለው ሲሚንቶ የሚመረጠው ቶሎ ስለሚጠነክር ነው። ለግድግዳ ሥራና ለልስን ግን ፒፒሲ ከበቂ በላይ ነው። የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጠው አካል የትኛው ሲሚንቶ የት እንደሚገባ ቢቆጣጠር አንድ ብር ሳይወጣ ልቀት ይቀንሳል።

የካዛንቺስ መልሶ ግንባታም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር መሠራቱ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ግማሹ ሕዝብ በእግሩ በሚሄድባት ከተማ ከዚህ የተሻለ የልቀት ቅነሳ ሥራ አይገኝም። ነገር ግን በዚያ መንገድ ይሄድ የነበረው ሰው ራሱ ከቦታው ተነሥቷል። ሆቴል የሚያጸዳው፣ ለቢሮ ሠራተኛ ምሳ የምትቋጥረው፣ ሌሊት የሚጠብቀው ከሥራው የሚኖርበት በእግር ርቀት ላይ ነበር። ዛሬ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ገላን ጉራ ናቸው። የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ፤ ያንን ማስተባበል አይገባም። ግን ትናንት ምንም ነዳጅ ያልነበረው ጉዞ ዛሬ ሁለት ታክሲ ሆኗል፤ ይህም በየቀኑ፣ በደርሶ መልስ፣ ለዓመታት ነው። በቦታው የሚቆመው መስታወት ለበስ ሕንፃ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ደጋ ከተማ ውስጥ ፀሐይ ሰብስቦ ማቀዝቀዣ ይለምናል። ከነባሩ ነዋሪ ከፊሉን እዚያው በፎቅ ማኖር ይቻል ነበር። በቀሪዎቹ የቂርቆስ ሰፈሮች አሁንም ይቻላል።

ስለ ቆሻሻና ስለ ከብት ባጭሩ ልበል። የቂርቆስ ቆሻሻ የሚጓዘው ወደ ቆሼ የቆሻሻ መጣያ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ወደ ጨረሰው። ከቤታችን የሚወጣው አብዛኛው የምግብ ትርፍራፊ ነው፤ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን ይሆናል፤ ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ትርፍራፊው እርጥብ በመሆኑም ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲው የ25 ሜጋ ዋት ጣቢያ ለማቃጠል ይቸገራል። ከየቤቱ ደረቁንና እርጥቡን ለይቶ ማውጣት ሥራውን ያቀልላል። የደረቁን ግማሽ ሥራ ቆራሌዎች ያለ ማንም ድጋፍ ሲሠሩት ኖረዋል፤ መታወቂያና መሥሪያ ቦታ ይገባቸዋል። ከብትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተቆጠረው ልቀት 65 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ከእንስሳት የመጣ ነው። የቂርቆስ ሥጋ ቤቶች ሥጋ መሸጣቸውን እንዲተዉ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው አንድ ላም ብዙ ወተት እንድትሰጥ፣ በሬው ቶሎ እንዲደልብ፣ ዶሮና እንቁላል እንዲበዛ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ለምግብ ተብሎ ቢታሰብም በዚህ በኩል ከሚመስለው በላይ ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2027፣ በእኛ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ከዚያ በፊት አዲስ ስትራቴጂ መጻፍ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ የተጻፈው በቂ ነው። የከተማው አስተዳደር የቆሙትን ባቡሮች መለዋወጫ ገዝቶ ያስነሣ። የመብራት አገልግሎቱ ከቂርቆስ ጀምሮ የጋራ ቆጣሪዎችን ይለያይ፤ ለምጣድም ታሪፍ ያውጣ። ቀጣዩ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ነዋሪው በእግሩ ወደ ሥራው የሚደርስበት ቦታ ይታሰብለት። አንባቢም የሰፈሩ ስብሰባ ሲጠራ ስለ ችግኝ ከመጠየቁ አስቀድሞ ስለ ባቡሩና ስለ ቆጣሪው ይጠይቅ።